ስክሪኑ ነው ወይስ ፕሮጀክተሩ?

ጥያቄ፦ ሳሎኔ ውስጥ ባለ 100 ኢንች ተጠቅላይ ስክሪን ሰቅያለሁ። ሻጩ «ጌይኑ 2.4 ስለሆነ በጣም ይደምቃል» ብሎኝ ነበር (ጌይን ስክሪኑ ከተራ ነጭ ገጽ ጋር ሲነጻጸር ወደ ተመልካቹ የሚመልሰው ብርሃን ነው)። ፕሮጀክተሩ ባለ 2000 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ) ነው፤ ኮርኒስ ላይ ተገጥሟል። ኳስ ስናይ መሃሉ ያበራል፣ ዳር ዳሩ ይደበዝዛል። ካሜራው ኳሱን ሲከተል ደግሞ ሜዳው ይዋልላል። ሻጩ ጥፋቱን በፕሮጀክተሩ ያላክካል። እንዴት ልለይ? (ከአዳማ)

መልስ፦ ለመለየት ከወንበርዎ መነሳት ይበቃል። ክፍሉን አጨልመው ሙሉ ግራጫ ምስል ያሳዩ፤ ደማቅ ነጭ ዓይን ስለሚያሸንፍ ትንንሽ ልዩነት ይሸፍናል። ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው በዝግታ ይራመዱ። ደማቁ ቦታ አብሮዎት ከተንቀሳቀሰ ጥፋቱ የስክሪኑ ነው፤ ባለበት ከቀረ የፕሮጀክተሩ። አሁንም ከተጠራጠሩ ነጭ ኤ4 ወረቀት መጀመሪያ መሃሉ ላይ፣ ከዚያ ጥጉ ላይ ይያዙ። ወረቀት ብርሃንን በየአቅጣጫው ይበትናል፤ እሱ በሁለቱም ቦታ ተቀራርቦ ስክሪኑ ብቻ ከተለያየ ነገሩ አለቀ። ቀለም ግን በወረቀት አይፍረዱ፤ ወረቀት ራሱ ወደ ሰማያዊ ወይም ወደ ቢጫ ያደላል።

እኛ የምንጠረጥረው ስክሪኑን ነው። ጌይን ብርሃን አይፈጥርም፤ ወደ ጎን ይሄድ የነበረውን ሰብስቦ ወደ አንድ አቅጣጫ ይልካል። እንዲህ ከፍ ያለ ጌይን ካላቸው ጨርቆች ብዙዎቹ ጥቃቅን የመስታወት ዶቃ የተነሰነሰባቸው ናቸው፤ ዶቃው ደግሞ ብርሃኑን ወደ መጣበት ይመልሳል። የእርስዎም እንዲህ ከሆነ ምርጡ ምስል የሚታየው ኮርኒሱ አጠገብ ነው፤ እዚያ ደግሞ የሚቀመጥ ሰው የለም። ፕሮጀክተሩን ለጊዜው አውርደው በተመልካች ጭንቅላት ከፍታ ያስቀምጡትና ያወዳድሩ። ዶቃ ያለውን ጨርቅ በእርጥብ ነገር አይፈትጉት፣ ይረግፋል።

ለመሆኑ ያን ያህል ጌይን ያስፈልግዎታል? ባለ 100 ኢንች ስክሪን (16 ለ 9) 2.21 በ1.25 ሜትር፣ ማለትም 2.76 ካሬ ሜትር ነው። 2000ን ለ2.76 ያካፍሉ፣ በጌይኑ ያባዙ፣ ለ3.14 ያካፍሉ። በጌይን 1.0 እንኳ 230 ኒት (የምስል ድምቀት መለኪያ) ገደማ ይወጣል፤ የሲኒማ ቤት መለኪያ 48 ኒት ነው። አምፖሉ አርጅቶ ግማሽ ብርሃኑን ቢያጣም ይተርፋል። (ይህ ሒሳብ የሚሠራው 2000ው አንሲ ሉመን፣ ማለትም በአንሲ መስፈርት የተለካ ከሆነ ነው፤ በርካሽ ፕሮጀክተሮች ካርቶን ላይ የሚጻፈውን ቁጥር አያምኑት።) ለጨለማ ሳሎን ጌይኑ ከ1.0 እስከ 1.1 የሆነ፣ የማያብረቀርቅ ነጭ ጨርቅ ይሻላል።

መዋለሉ ከጨርቁ መጨማደድ ይመጣል። በጎንና በጎን የመወጠሪያ ገመድ የሌለው ተጠቅላይ ስክሪን ጠርዙ ቀስ በቀስ ይጠቀለላል። የእጅ ባትሪ ከጎን አስጠግተው ያብሩበት፤ ጥላ የጣለው ሁሉ ሞገድ ነው። ለጥቂት ቀናት ዘርግተው ይተዉት፤ ካልተስተካከለ በፍሬም ወይም በጎን ገመድ የሚወጠር ስክሪን ያስፈልግዎታል። ካውያ እንዳያስነኩት፤ ፕላስቲክነት ያለው ጨርቅ ይቀልጣል።

ጥያቄ፦ ግድግዳችንም ኮርኒሳችንም ነጭ ነው። በፊልም ውስጥ ጥቁሩ ግራጫ ይመስላል። ግራጫ ስክሪን ልግዛ?

መልስ፦ ገና አይግዙ። ፕሮጀክተሩን አጥፍተው ስክሪኑን ይመልከቱ፤ ያኔ ከሚያዩት የጠቆረ ጥቁር በጭራሽ አያገኙም፣ ፕሮጀክተር ጥቁር መርጨት አይችልምና። ጠፍቶም ነጣ ካለ ብርሃን በመስኮት ወይም በበር እየገባ ነው፤ ወፍራም መጋረጃ ይቅደም። ጠፍቶ ጨልሞ ምስሉ ሲደምቅ ብቻ ጥቁሩ የሚገረጣ ከሆነ፣ ብርሃኑ ከስክሪኑ ወጥቶ ከግድግዳው እየነጠረ ይመለሳል። ከስክሪኑ ጎንና በላይ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ጥቁር የማያብረቀርቅ ጨርቅ ሰቅለው ይሞክሩ። ጌይኑ 0.8 የሆነ ግራጫ ስክሪን ጥቁሩን ሲያጠቁር ነጩንም በዚያው መጠን ያደበዝዛል፤ የሚረዳው ፕሮጀክተርዎ ትርፍ ብርሃን ካለው ነው።