ስፖርት ጨምረን ክብደት ስንቀንስ የሚመጣው ድካም፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ 78 ኪሎ ነኝ። ከሦስት ሳምንት ወዲህ በሳምንት አምስት ቀን እሮጣለሁ። ቁርስ ትቻለሁ፣ ማታም ሰላጣ ብቻ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት 3 ኪሎ ወረደልኝ፤ አሁን ግን ደረጃ መውጣት እንኳ እያቃተኝ ነው። ስንፍና ይሆን?

መልስ፦ በፍጹም ስንፍና አይደለም ወንድሜ። ምግቡን የቀነስከውም ስፖርቱን የጨመርከውም ባንድ ጊዜ ነው። ጡንቻ ለሩጫ የሚያስቀምጠው ስኳር፣ ማለትም ግላይኮጅን፣ የሚሞላው ከእንጀራ፣ ከዳቦና ከድንች ነው። ሳይተካ በየቀኑ ከወጣ እግር ይከብዳል፣ እንቅልፍ ይረበሻል፣ ሰው ይነጫነጫል። የወረደው 3 ኪሎም አብዛኛው ስብ አይደለም። አንድ ግራም ግላይኮጅን 3 ግራም ያህል ውኃ ይዞ ስለሚቀመጥ፣ እሱ ሲያልቅ ውኃውም አብሮት ይወጣል።

አሁን ከ7 እስከ 10 ቀን ሩጫውን በግማሽ ቀንስ፣ ቁርሱንም መልስ። ከዚያ በኋላ በቀን ከ300 እስከ 500 ካሎሪ ብቻ ማጉደል ይበቃሃል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው። ከምትበላው ወጥ ሁለት ማንኪያ ዘይት ቢቀነስና አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ብትተው ከ350 ካሎሪ በላይ ጎደለ ማለት ነው፤ እንጀራውን መንካት አያስፈልግም። ፕሮቲን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ1.2 እስከ 1.6 ግራም ያስፈልጋል፤ ላንተ በቀን ከ94 እስከ 125 ግራም ይሆናል። አንድ እንቁላል 6 ግራም ስለሚሰጥ፣ በእንቁላል ብቻ አይሞላም፤ ምስር፣ ሽሮ፣ ሥጋ፣ ወተት ማፈራረቅ አለብህ። በሳምንት ከግማሽ ኪሎ እስከ 0.8 ኪሎ ከወረደ ጥሩ ነው።

ሩጫውን ስትመልስ ቀን እያለፍክ በሳምንት ሦስት ጊዜ ይሁን። ጊዜውንም በየሳምንቱ በ10 በመቶ ገደማ ብቻ ጨምር። ብዙ ሰው የሚጎዳው ሁልጊዜ እስኪያለከልክ ስለሚሮጥ ነው። እየሮጥክ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ካልቻልክ ፈጥነሃል።

ጥያቄ፦ ጠዋት በባዶ ሆድ ብሠራ ስብ ቶሎ ይቃጠላል ይላሉ። እውነት ነው?

መልስ፦ በስፖርቱ ሰዓት ትንሽ ተጨማሪ ስብ ይቃጠላል፤ የቀኑ ድምር ምግብ እኩል ከሆነ ግን በሚቀንሰው ክብደት ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አያመጣም። የሚያዞርሽ ከሆነ ከመውጣትሽ ግማሽ ሰዓት በፊት አንድ ሙዝ ብዪ፣ ወይም ትንሽ በሶ በጥብጠሽ ጠጪ።

ጥያቄ፦ በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ። ስፖርቱን ላቁም?

መልስ፦ ማቆም የለብህም፤ ሰዓቱን ቀይረው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከበላህ አሥራ አንድ ተኩል አካባቢ ሥራ፣ ከዚያ እራትህን ብላ። 55 ቀን ሙሉ መጠኑን ለመጨመር አትሞክር፤ የያዝከውን ማቆየት በራሱ ትልቅ ነገር ነው። በጾም ፕሮቲን የሚገኘው ከጥራጥሬ ነው፤ ሽሮው ቀጥኖ በእንጀራ ብቻ ከጠገብክ ጡንቻህ ይጎዳል። ወፈር ያለ ሽሮ፣ ክክ ወይም ምስር በየማዕዱ ይኑር፤ ላብ ካለህም ጨው ጨርሰህ አትተው፣ የደም ግፊት ከሌለብህ።

ጥያቄ፦ ሴት ነኝ። በቂ እተኛለሁ፣ እበላለሁም፤ ግን ትንሽ ስሮጥ ልቤ ይመታል፣ ትንፋሽ ያጥረኛል። ጤፍ ብረት አለው አይደል?

መልስ፦ አለው፤ ግን ከእህልና ከጥራጥሬ የሚገኘውን ብረት ሰውነት የሚወስደው ጥቂቱን ነው፤ ከምግብ ጋር የሚጠጣ ቡናና ሻይ ደግሞ ይበልጥ ይቀንሰዋል። ቡናውን ከምግብ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት አቆዪው። ቃሪያ፣ ቲማቲም ወይም ሎሚ አብረሽ ብትበዪ ይረዳል። ሄሞግሎቢን ብቻ ሳይሆን ፌሪቲንም (በሰውነት የተከማቸውን ብረት የሚያሳይ ምርመራ) ተመርመሪ፤ ሄሞግሎቢን ደህና ሆኖ የብረት ክምችቱ ያለቀባቸው ብዙ ሴቶች አሉ። ሳትመረመሪ የብረት ክኒን አትጀምሪ። የወር አበባሽ ሦስት ወር ከቀረ ደግሞ እርግዝና መኖር አለመኖሩን አረጋግጪና ሐኪም ዘንድ ሂጂ፤ ምግብ ከሚወጣው ጉልበት ሲያንስ ሰውነት ቀድሞ ከሚያቆማቸው ነገሮች አንዱ የወር አበባ ነው።

ጥያቄ፦ ዋሽንግተን 8 ኪሎ ሜትር በቀላሉ እሮጥ ነበር፤ አዲስ አበባ መጥቼ በ2 ኪሎ ሜትር ደከምኩ።

መልስ፦ ከፍታው ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ እንጦጦ ደግሞ 3,000 ይደርሳል። የመጀመሪያውን ሳምንት ፈጠን ባለ እርምጃ ጀምር፤ ሁለት ሳምንት ሲሞላህ ብዙው ይቀልልሃል። እንጦጦን ለመጨረሻ አቆየው።

ጥያቄ፦ አባቴ ስኳር አለበት፣ ግሊቤንክላማይድ ይወስዳል። እግር ጉዞ ከጀመረ ወዲህ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል።

መልስ፦ ይህ ተራ ድካም ላይሆን ይችላል፤ መድኃኒቱ ስኳሩን ከልክ በላይ አውርዶት ሊሆን ይችላል። ምልክቱ ሲመጣ ወዲያው ስኳሩን ለኩ፤ ከ70 በታች ከሆነ፣ ወይም መለኪያ ከሌላችሁ፣ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠሽ ስጪው። ከ15 ደቂቃ በኋላ ስኳሩን ደግመሽ ለኪ። ከተሻለው በኋላ ምግብ ይብላ። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አትስጪ፣ ወደ ሆስፒታል ውሰጂው። የመድኃኒቱን መጠን የሚያስተካክለው ሐኪሙ ነው፤ ምግብና ክብደት ሲቀንስ የቀድሞው መጠን ሊበዛበት ይችላል።

ጥያቄ፦ ጤነኛ ድካምን ከጎጂው በምን ልለይ?

መልስ፦ ጠዋት ከአልጋ ሳትነሣ የልብ ምትህን አንድ ደቂቃ ቁጠር። ከተለመደው በ7 ወይም በ10 ከፍ ብሎ ለተከታታይ ቀናት ከቆየ ስፖርቱን ቀንስ። የጡንቻ ሕመም በሁለትና ሦስት ቀን መብረድ አለበት። ሽንት እንደ ኮካ ከጠቆረ፣ ደረት ካመመ ወይም ራስህን ከሳትክ የዚያኑ ቀን ሐኪም ቤት ሂድ።

ጥያቄ፦ የቢ ኮምፕሌክስ መርፌ ብወጋስ?

መልስ፦ እጥረት ከሌለብህ ጉልበት አይጨምርም። በዚያ ገንዘብ ሄሞግሎቢን፣ ፌሪቲንና የታይሮይድ ምርመራ አሠራበት።