ልጅቷ በድንገት ፍዝዝ ትላለች፤ ሐሳብ ነው ወይስ የሚጥል በሽታ?

እህቴ፣ የ7 ዓመት ልጅሽ እንዳልሽው ማንኪያዋን እንደያዘች 10 ሰከንድ ያህል ፍዝዝ ብላ፣ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ መብላቷን የምትቀጥል ከሆነ፣ በቀንም የሚደጋገምባት ከሆነ፣ አብሰንስ የሚባለው የሚጥል በሽታ ዓይነት ሊሆን ይችላል። መውደቅም አረፋ መድፈቅም የለበትም። መምህሯ «ትኩረት የላትም» የምትለውም ለዚህ ሊሆን ይችላል።

ሐሳብ የወሰደው ልጅ ትከሻውን ሲነኩት ይመለሳል። አብሰንስ ግን ቢነኳትም ቢጠሯትም እስኪያልፍ አይለቃትም፤ ወሬ መሃል፣ ቃል ሳትጨርስ ይጀምራታል። የዓይኗን ቆብ አስተውዪ፣ ብዙ ጊዜ ይርገበገባል።

1. ሲመጣባት በስልክ ቅረጪ፤ ፊቷ በደንብ ይታይ። ከማንኛውም ገለጻ ይበልጣል።
2. ቪዲዮውን ይዘሽ የሕፃናት ወይም የነርቭ ሐኪም ጋ ውሰጃት። ሐኪሙ 3 ደቂቃ ያህል በኃይል እንድትተነፍስ ያደርጋታል፤ አብሰንስ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ፊቱ ይነሣባታል። ይህን ቤት አትሞክሪው።
3. የአንጎል ሞገድ ምርመራ (ኢኢጂ) ያረጋግጠዋል።

አደራ፣ ለሌላ ሰው የታዘዘ የሚጥል በሽታ መድኃኒት እንዳትሰጫት። ካርባማዜፒንና ፌኒቶይን ሌላውን ዓይነት ይረዳሉ፣ አብሰንስን ግን ሊያብሱት ይችላሉ። መድኃኒት ጀምራ መፍዘዙ ከጨመረባት በራስሽ አታቋርጪ፤ በዚያው ቀን ለሐኪሟ ደውዪ።