ፕላን ላይ የሌለ ክፍል ያለው ቤት እንዴት ይሸጣል?

ጥያቄ፦ እንደምን ሰነበታችሁ። ደሴ ላይ በስሜ ካርታ ያለው ቤት አለኝ። ፕላኑ ላይ የሚታየው ዋናው ቤት ብቻ ነው። ከኋላ ሦስት ክፍል የብሎኬት ሰርቪስ ጨምረናል፤ በዋናው ቤት ላይም ሶሌታ (የኮንክሪት ወለል) ተሞልቶ ሁለት ክፍል ወጥቷል። ለአንዱም ፈቃድ አላወጣንም። ደላላው «ቀብድ ተቀበይ፣ ወረቀቱ በኋላ ይስተካከላል» ይለኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ቀብዱን አሁን አይቀበሉ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለ ቢተው ግን እጥፉን ይመልሳል። የስም ዝውውሩ ማዘጋጃ ቤት ላይ ቢቆም ደላላው አብሮዎት አይከፍልም። ገዢው በባንክ ብድር የሚገዛ ከሆነማ ነገሩ ቶሎ ይወጣል። የባንኩ መሐንዲስ ፕላኑን ይዞ ሜትር ሲዘረጋ ያልተመዘገበው ክፍል ወይ ከግምቱ ይቀራል፣ ወይ ብድሩን ያስቆማል።

መጀመሪያ ቀያሽ ይቅጠሩና ካርታው ላይ ያሉት የማዕዘን ነጥቦች ከአጥርዎ ጋር መግጠማቸውን ያረጋግጡ። ሰርቪሱ ከወሰንዎ ሳይወጣ የተሠራ ከሆነ ሕጋዊ የማድረግ ዕድል አለው። ፈቃድ ያለው ባለሙያ ቤቱን አሁን እንዳለ ለክቶ ፕላን ያነሳል፤ እሱን ከማመልከቻ ጋር ለከተማው የግንባታ ፈቃድ ክፍል ያቀርባሉ፤ ባለሙያ መጥቶ ያያል። የጎረቤት ወይም የመንገድ መሬት ላይ ካረፈ ግን ፕላን ስለተነሳለት አይጸድቅም። የገፋውን ግድግዳ ገዢ ሳይመጣ ማፍረስ ነው።

እኛን ይበልጥ የሚያሳስበን ፎቁ ነው። ወሎ የስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ያለ አገር ነው፤ በ1953 ዓ.ም. የካራቆሬው ርዕደ መሬት ከደሴ በስተደቡብ ያለችውን ማጀቴን አፍርሷል። ደሴም በጦሳ ሥር ተዳፋት ላይ ያለች፣ መሬት መንሸራተት የሚያውቃት ከተማ ናት። ስለዚህ ማመልከቻውን ከማስገባትዎ በፊት የስትራክቸር መሐንዲስ ያስገቡ። በምድር ቤቱ አንድ ኮለን (የኮንክሪት ቋሚ) ላይ፣ ከትራቩ (ከኮለን ኮለን ከሚዘረጋው አግዳሚ ኮንክሪት) ሥር፣ ልስኑንና የኮንክሪቱን ሽፋን አስነስቶ ፌሮውን (ብረቱን) ይይ፦ ውፍረቱ ስንት ቁጥር ነው? ስታፋው (ፌሮዎቹን ዙሪያውን የሚያቅፈው ቀጭን ብረት) ወደ መጋጠሚያው ሲጠጋ ይቀራረባል ወይስ እንደ መሐሉ ተራርቋል? ሶሌታው ኮለንና ትራቭ ላይ ሳይሆን በቀጥታ ብሎኬት ላይ ከተኛ፣ ክፍል ለመክፈል የተሠራው ክፍት ብሎኬት ያን ጭነት እንዲሸከም አልተሠራም። ከመስኮት ማዕዘን ተነስቶ በሰያፍ የሚሄድ ስንጥቅ ካለ ቀለም ቀብተው አይሸፍኑት፣ ለመሐንዲሱ ያሳዩት። የላይኛው መታጠቢያ ፍሳሽ ወዴት እንደሚሄድ ደግሞ አይርሱ፤ ተዳፋቱ ውስጥ የሚሰርግ ውኃ መሠረቱን ያላላል።

ሕጋዊ ማድረግ ካልተቻለና አሁኑኑ መሸጥ ግድ ከሆነብዎ፣ ያልተፈቀደውን ክፍል በውሉ ላይ አንድ በአንድ ያጽፉ፦ ስፋቱን፣ ፈቃድ እንደሌለው፣ ቢፈርስ ወጪውን ማን እንደሚሸከም። «ባለበት ሁኔታ ሸጫለሁ» የሚለው ሐረግ ጉድለቱን አውቆ የደበቀ ሻጭን አያድንም። ውሉ በጽሑፍ ተደርጎ ሥልጣን ባለው አካል ፊት መረጋገጥ አለበት፤ ባለትዳር ከሆኑና ቤቱ የጋራ ከሆነ ባለቤትዎም ይፈርማሉ።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ላይ ቤት ልገዛ ነው። ሰርቪሱ ፕላን ላይ የለም፤ ሻጩ «ዋጋ እቀንሳለሁ» ይላል። ልግዛ?

መልስ፦ ከሻጩ ጋር ማዘጋጃ ቤት ሄደው በማኅደሩ ውስጥ ማስጠንቀቂያ ወይም የማፍረስ ትእዛዝ እንዳለ ያጣሩ። ትእዛዝ ካለ አይግዙ። ከሌለ ዋጋውን ሰርቪሱን እንደሌለ ቆጥረው ይደራደሩ፤ ከክፍያው የተወሰነው ካርታው በስምዎ እስኪዞር እጅዎ ላይ እንዲቆይ በውሉ ያስገቡ።