«የወተት ጥርስ ነው፣ ይወድቃል» ለተባልሽው እናት

ሰላም እህቴ። የሦስት ዓመት ልጅሽ የላይ የፊት ጥርሶቹ ቡኒ ሆነው እየተቆራረሱ ነው፣ ሐኪሙ ደግሞ «የወተት ጥርስ ነው፣ ይወድቃል፣ ተዪው» ብሎሻል። ይጠገናል ወይ ነው ጥያቄሽ። አዎ፣ ይጠገናል። የእኔም ልጅ እንደዛው ነበር። የታቾቹ ደህና ናቸው አይደል? የታቹን ምላስና ምራቅ ይሸፍኑታል፤ ሌሊት ጡጦ ሲጠባ የሚጎዳው የላዩ ነው።

«ይወድቃል» ያለሽን ሰው አትስሚው። መውደቁማ ይወድቃል። ግን የላይ የፊት ጥርሶች የሚወድቁት ከ6 እስከ 8 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። እስከዚያ ልጁ በምኑ ይግመጥ? ደግሞ የወተት ጥርስ ሽፋኑ ስስ ስለሆነ መበስበሱ ቶሎ ነርቭ ጋ ይደርሳል። መግል ከቋጠረ ከሥሩ እየተሠራ ላለው ለቋሚው ጥርስም ሊተርፍ ይችላል። ስለዚህ፦

1. ራጅ ሳያነሳ «እንሙላው» የሚል ሐኪም ወንበር ላይ ልጅሽን እንዳታስቀምጪ። ነርቩ መትረፍ አለመትረፉ በዓይን ብቻ አይታይም።

2. መሙላትና ጥርሱን ሙሉ በሙሉ ማልበስ አንድ አይደሉም። እኔን ያንገበገበኝ ይሄ ነው። መጀመሪያ የሄድንበት ክሊኒክ ሕንፃው ያምራል። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሳ፣ ሰው በተሰበሰበበት «ጡጦ ይዞ ነው የሚያድረው አይደል?» አለችኝ። ቢያድርስ? ላሳክም እንጂ ንስሐ ልገባ አልመጣሁም! ሐኪሙም ራጅ የሚባል ነገር ሳያነሳ፣ ልጁ እያለቀሰ፣ ድዱ እየደማ፣ ምራቁ እየወረደ ነጩን መሙያ ለጠፈበት። ያ ነገር እርጥብ ላይ አይይዝም። ብዙም ሳይቆይ ልጄ ዳቦ ገምጦ «እማዬ ድንጋይ» ብሎ ሰጠኝ። በጣቴ ሳሸው መሙያው ነው፤ ከነቅርጹ ወልቋል። ይዤው ስመለስ «ልጁ ነክሶበት ነው፣ እንደገና መክፈል አለብሽ» አሉኝ። ጥርስ ታዲያ ለምንድነው?

የሕፃናት ጥርስ ሐኪም ያገኘሁት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እሷ ራጁን አንስታ አሳየችኝ። መበስበሱ ጥርሱን ዙሪያውን ከበላው መሙያው የሚይዘው ነገር ስለሌለ ሙሉውን ማልበስ ነው መፍትሔው አለችኝ። ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው ብርሃን የሚያሳልፍ የፕላስቲክ ቅርጽ ነው፤ ነጩን መሙያ ይሞሉትና ጥርሱ ላይ ያጠልቁታል፣ በመብራት ያደርቁታል፣ ከዚያ ፕላስቲኩ ይላጣል። ያምራል፤ ግን በቂ ጥርስ መትረፍ አለበት፣ ድዱም መድማት የለበትም። ሁለተኛው ዚርኮኒያ የሚባለው፣ ተሠርቶ የመጣ ነጭ ክራውን (ጥርሱን ሙሉ በሙሉ የሚያለብስ ቆብ) ነው። ጠንካራ ነው፤ ጥርሱ ግን የበለጠ ይሞረዳል፣ ዋጋውም ከበድ ይላል። ለእኛ ዚርኮኒያ መረጠች። የመሃል ሁለቱ ነርቫቸው ተነክቶ ስለነበር መጀመሪያ እሱ ተጠርጎ ተሞላ። አሁን ልጄ ካሮት ሲገምጥ ድምፁ ሳሎን ድረስ ይሰማል። አማቴ ራሷ «የማነው ጥርስ ይሄ?» ብላለች፤ «ለሚወድቅ ጥርስ ብር ታባክኛለሽ» ስትለኝ የከረመችው እሷ ናት።

ልጅሽ አልቀመጥ ካለ አትጨነቂ፣ የእኔም አልተቀመጠም። ሙሉ ማደንዘዣ ካሉሽ ግን ማን እንደሚሰጠው፣ የት እንደሚሰጠው ጠይቂ። የማደንዘዣ ባለሙያና መሣሪያ በሌለበት ክሊኒክ እንዳትሞክሪው። አሜሪካ ያለችው እህቴ ለልጇ የሚቀባ ፈሳሽ ነው ያሠራችለት፤ ብር (ገንዘቡ ሳይሆን ማዕድኑ፣ ሲልቨር) ያለበት ፍሎራይድ ነው። መሰርሰር የለ፣ መርፌ የለ። መበስበሱን ያቆመዋል፤ የበሰበሰውን ቦታ ግን ያጠቁረዋል፣ ጥቁረቱም አይለቅም። ልጁ አድጎ እስኪቀመጥ ጊዜ መግዣ ይሆናል። ካላቸው ጠይቂ።

ድዱ ላይ እንደ ብጉር ያለ ነገር ካየሽ ግን ቀጠሮ ምናምን አትጠብቂ፣ ዛሬውኑ ውሰጂው። መግል ነው። ማትረፍ ካልተቻለና ይነቀል ካሉሽም አትደንግጪ፤ የፊት ጥርስ ክፍተት እንደ መንጋጋው አያሰጋም።

3. ስለ ብሩሽ አልነግርሽም፣ ታውቂዋለሽ። ሳሙናውን ግን ገልብጠሽ አንብቢ። «የልጆች» ብለው ፍሎራይድ የሌለውን ይሸጡልሻል። ፍሎራይድ ያለውን የሩዝ ፍሬ ታህል፤ ሦስት ዓመት ከሞላው የአተር ፍሬ ታህል። ሌሊት ጡጦ ካልተወ ውሃ ብቻ አድርጊበት። ጥቂት ሌሊት ያስለቅሳል፣ ቻይው።

ዋጋ ስትጠይቂ በጥርስ ነው ወይስ በጠቅላላ በያቸው፤ ቢወልቅስ ብለሽም በጽሑፍ አስይዢ። የሐኪሟን አድራሻ በውስጥ መስመር እልክልሻለሁ። የመጀመሪያውንም ክሊኒክ ጠይቂኝ፣ በስህተት እንዳትገቢ።