የጥቅምት ማራቶን ሐምሌ ላይ ነው የሚሮጠው

ልጆቼ፣

ሰሞኑን ማለዳ ወደ ፍቅር ሐይቅ ስወርድ ብዙዎቻችሁን አያለሁ። ዝናቡም ጭቃውም አልያዛችሁም። ደስ ይለኛል። እኔ ሐዋሳ ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ ስፖርት አስተምሬያለሁ፤ ሯጭ አሠልጥኛለሁ። ጡረታ ብወጣም ጎህ ሲቀድ መነሣቱን አልተውኩትም። ከመካከላችሁ መስከረም መጨረሻ ወይም ጥቅምት ላይ የመጀመሪያ ማራቶናችሁን ልትሮጡ የተነሣችሁ እንዳላችሁ ሰማሁ። ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው።

በእኛ አገር የመጸው ማራቶን የክረምት ሥራ ነው። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ያሸነፈው ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው፤ የዘመን መለወጫ ዋዜማ። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በርሊን ላይ 2:03:59 የገባው መስከረም 18 ቀን 2001 ዓ.ም. ነው። ቀነኒሳ በቀለ እዚያው በርሊን 2:01:41 የገባውም መስከረም 18 ቀን ነው፣ በ2012 ዓ.ም.። ሁለቱም በመስቀል ማግስት። ከዚያ ቀን አሥራ ስድስት ሳምንት ወደ ኋላ ብትቆጥሩ ሰኔ መጀመሪያ ላይ ትደርሳላችሁ። እኛ ያጨበጨብነው መስከረም ላይ ነው። እግሩ የተሠራው ግን በዝናብ ነው።

የማሠለጥነው አንድ ልጅ ነበረ። ስሙን አልጠራም። ጥቅምት ላይ ማራቶን ሊሮጥ ክረምቱን ሙሉ ከእኔ ጋር ይሠራ ነበር። የሮጠውን ኪሎ ሜትር የሚጽፍበት ደብተር ነበረው፤ ዝናብ እንዳይነካው በፌስታል ጠቅልሎ ነው የሚይዘው። አንድ ቀን አሳየኝ። በየሳምንቱ መጨረሻ በቀይ እስክሪብቶ ደምሮታል። 55። 70። 90። 110። አራት ሳምንት። ጓደኞቹ 120 ይሮጣሉ ሲባል ሰምቶ እነሱን ሊደርስ ነበር።

ቁጥሩን ሳይ ልቤ ደንግጧል። ግን ዝም አልኩ። ለምን? ልጁ በዚያ ሳምንት እንደዚያ ሲሮጥ አይቼው አላውቅም። ኮንዲሽኑ፣ የሩጫ ብቃቱ ማለቴ ነው፣ መጥቷል። ትንፋሹ አይሰማም። እንዳላበላሽበት ብዬ ፈራሁ።

ነሐሴ ላይ ታቦር ተራራ ሥር እያነከሰ መጣ። ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩት። ካልሲውን ወደ ታች ጠቀለለ፤ ቅልጥሙ ጭቃ በጭቃ ነው። በእጄ ጠረግኩና አጥንቱን ከጉልበቱ በታች ጀምሬ በአውራ ጣቴ እየተጫንኩ ወረድኩ። የጡንቻ ሕመም ቢሆን ሰፋ ብሎ ነው የሚያመው። ይሄኛው አንድ ቦታ ነበር፤ የሳንቲም ስፋት ያለው ቦታ። እዚያ ስደርስ እጄን ጨምድዶ ያዘኝ። ሐኪም ቤት ሄድን። አጥንቱ ተሰንጥቋል። ጥቅምትም ማራቶኑም አለፈው። ጥፋቱ የእኔ ነው። ደብተሩን አይቼ ነበርና።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩን በደንብ ያጠናሁት። ልብና ሳንባ ቶሎ ይለምዳሉ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ትንፋሻችሁ ይስተካከላል፤ ትናንት ያስጨነቃችሁ ዳገት ዛሬ ይቀላችኋል። አጥንትና ጅማት እንዲህ አይደሉም። አጥንት ጫና ሲበዛበት መጀመሪያ አሮጌውን ክፍል ያፈርሳል፣ ከዚያ ነው በቦታው አዲስ የሚሠራው። ማፍረሱ በሳምንታት ያልቃል፤ መገንባቱ ወራት ይፈልጋል። በመካከል ያለው ጊዜ አጥንቱ ከወትሮው የሚሳሳበት ነው። እናንተ ደግሞ ጥሩ ትንፋሽ ያገኛችሁት ልክ በዚያ ጊዜ ነው። ጉልበት ተሰማን ብላችሁ የምትጨምሩትም ያኔ ነው። በብዛት የሚሰበረው ደካማው ልጅ አይደለም፤ ኮንዲሽኑ የመጣለት ነው።

እንግዲህ ከራሳችሁ ቁጥር ተነሡ። ያለፈውን ወር በሳምንት 40 ኪሎ ሜትር ከሮጣችሁ የሚቀጥለው ሳምንት 44 ነው። ጓደኛችሁ 100 ቢሮጥ እሱ ስንት ዓመት እንደሮጠ አስቡ። ሦስት ሳምንት ከጨመራችሁ አራተኛውን ሩብ ያህል ቀንሱ። የምትቀንሱበት ሳምንት የስንፍና ሳምንት አይደለም፤ አጥንቱ የሚገነባበት ነው። ረጅሙ ሩጫም ቀስ እያለ ይደግ፤ 18፣ 20፣ 22። ሰላሳና ከዚያ ትንሽ በላይ ነሐሴ ላይ ቢደረስበት ይበቃል። የማራቶኑን 42 ኪሎ ሜትር ከውድድሩ በፊት ሮጦ መሞከር አያስፈልግም።

ፍጥነቱን በተመለከተ አብዛኛው ኪሎ ሜትር ሶምሶማ ነው። አጠገባችሁ ለሚሮጠው ልጅ ትናንት ማታ ምን እንደበላችሁ ሳታቋርጡ መንገር ካቃታችሁ ፈጥናችኋል። በቡድን ስትሮጡ የፊተኛውን እግር መከተል ጥሩ ልማድ ነው፤ ግን በቀላል ቀን ፊት የሚመራው ቀስ ብሎ መሮጥ የሚችል ሰው ይሁን። ይህን የሚችል ከፈጣኑ ይልቅ ብርቅ ነው። አንድ ነገር ደግሞ፦ ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ። ዘመድ ልትጠይቁ ሄዳችሁ እዚያ ከሮጣችሁ የሐዋሳ ሰዓታችሁን አትጠብቁ።

አንዳንዶቻችሁ የአበበን ነገር ታነሡብኛላችሁ። ቶኪዮ ሊሄድ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ትርፍ አንጀቱን ቀዶ ሕክምና አደረገ፤ ግን ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. 2:12:11 ገብቶ በድጋሚ አሸነፈ። እውነት ነው። ታዲያ እነዚያ የቀሩት ሳምንታት ናቸው ያሸነፉለት? በእግሩ ውስጥ ከዓመታት በፊት ጀምሮ የተጠራቀመ ሩጫ ነበር። እናንተ ይህን ታሪክ ስታነሡ ለመቸኮል ነው። እኔ ግን ስሰማው ለመታገሥ ይመስለኛል።

መንገድ ምረጡ። ክረምት ሲገባ ኮሮኮንቹ ይጨቀይና ሁላችሁም አስፋልት ላይ ትወጣላችሁ። አስፋልት ለቅልጥም ይከብዳል፤ እርጥብ ኮብልስቶን ደግሞ ቁርጭምጭሚት ይጠመዝዛል። ዝናብ ባጣ ቀን አፈሩ እንደጠጠረ ወደ አፈር መንገድ ተመለሱ። ታቦርን መውጣት ጥሩ ነው፤ ሲወርዱ ግን በእርምጃ ውረዱ። ጫማ ከሰልባጅ መግዛት ነውር የለውም። ሆኖም ሶሉን ብቻ አትዩ፤ ስፖንጁን በጣት ተጫኑት። ጣታችሁን ካልመለሰ ጫማው አልቋል።

አሁን ፍልሰታ ደረሰ። ለምትጾሙት ይህን ልበል። ጾሙም ሩጫውም ይቻላል፤ ቀኑን ማወቅ ነው። ቅዳሜና እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እህል ይቀመሳል። ስለዚህ ረጅሙን ሩጫ ቅዳሜ አድርጉት፤ ጨርሳችሁ የምትበሉበት ቀን ይሁን። የተራቡበት ቀን ለሶምሶማ ነው፤ ፈጣን ልምምድ አይደረግበትም። በሶ፣ ምስር፣ ቦለቄ፣ ድንች በደንብ ብሉ። ሥጋና ወተት በሌለበት ሰሞን ብዙ የምትሮጡ፣ በተለይ ሴቶች ልጆቼ፣ ያለ ምክንያት ድካም ከጸናባችሁ ደማችሁን ተመርመሩ። ደም ማነስ ሆኖ ሳለ ልምምድ አነሰኝ ብላ ኪሎ ሜትር የጨመረች ልጅ አይቻለሁ። ለጥብቅ ጾሙም የነፍስ አባታችሁን አማክሩ፤ ሥራችሁን ነግራችኋቸው የሚጨክኑባችሁ አይመስለኝም።

መስከረም ላይ ዝናቡ ሲቆም ሌላ ነገር ይመጣል። ወባ። የሐዋሳ ልጅ ይህን ያውቃል፤ ሩጫ ሲደርስበት ግን ይረሳዋል። ውድድሩ ሁለት ሦስት ሳምንት ሲቀረው ኪሎ ሜትር የምትቀንሱበት ጊዜ ነው። ክረምቱን በሙሉ የለፋችሁበት እግር ያኔ ነው የሚያርፈው። በዚያ ሰሞን አጎበር ውስጥ ተኙ። ራሳችሁን ከፈለጣችሁ፣ ብርድ ብርድ ካላችሁ፣ በላብ ይወጣልኛል ብላችሁ እንዳትወጡ። ጤና ጣቢያ ሂዱ፣ ጣታችሁን ተወጉ። በትኩሳት መሮጥ ልብን ሊጎዳ ይችላል።

ያ ልጅ በቀጣዩ ክረምት ከ40 ጀመረ። ነሐሴ መጨረሻ 85 ደረሰ፤ ከዚያ አላለፈም። 110 አንድም ሳምንት አልሮጠም። ጥቅምት ላይ ማራቶኑን ጨረሰ። ደብተሩን ለእኔ ተወልኝ፤ ፌስታሉ አሁንም አልተቀደደም።

ዛሬ ማታ እግራችሁን ስትታጠቡ ቅልጥማችሁን በአውራ ጣት ዳስሱ። አንድ ቦታ ብቻ ለይቶ ካመማችሁ ነገ አትሩጡ። ደብተራችሁን ይዛችሁ ኑ። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ፍቅር ሐይቅ ዳር አለሁ።