"አላገኘሁም" እና "የለም"

ልጆቼ፣

ይህን የምጽፈው በእንስሳት ጤናና በምግብ ደኅንነት ላቦራቶሪ ሥራ ለምትጀምሩ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ስለ ማሽን የሚጠይቀኝ ወጣት ብዙ ነው። ስለ በረዶ ሳጥን የጠየቀኝ ግን የለም። እኔን ያቃጠለኝ ሳጥኑ ነበር።

ገና ጀማሪ ሳለሁ ከአንድ ቆላ ወረዳ የፍየል ናሙና መጣልን። ከዓይንና ከአፍንጫ የተወሰደ ነው፤ ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተጉዟል። ሳጥኑን ስከፍት በረዶው ውሃ ሆኗል። አይቻለሁ። ግን አለቃ ውጤት ይጠብቃል፣ ማሽኑም ክፍት ነበር፤ ሠራሁት። የጠረጠርነው ደስታ መሰል በሽታን ነው፤ የከብት ደስታን የሚመስል የፍየልና የበግ በሽታ። የጀርሙን ዘረመል የሚፈልገው ምርመራ፣ ፒሲአሩ፣ ምንም አላሳየም። "ኔጌቲቭ" ብዬ ፈረምኩ።

የወረዳው ሐኪም ወረቀቴን አምኖ ለአርብቶ አደሮቹ "ሌላ ነገር ነው" አላቸው። የከብት ገበያው እንደወትሮው ቀጠለ። ከሳምንታት በኋላ በሽታው ጎረቤት ቀበሌ ገባ። ሁለተኛው ናሙና በደንብ ቀዝቅዞ መጣና ፖዘቲቭ ሆነ። ማሽኑ አልዋሸም፤ የመጀመሪያው ናሙና መንገድ ላይ ተበላሽቶ ነበር። የዋሸሁት እኔ ነኝ። "ይህ ናሙና ለምርመራ አይበቃም" ማለት ሲገባኝ "በሽታው የለም" አልኩ።

"የለም" ውድ ቃል ነው። ስንት እንደሚያስከፍል ለማወቅ የከብቱን ደስታ አስቡ። (ይህን የመሰለ መቅሰፍት "ደስታ" ያሉት አባቶቻችን ምን አስበው እንደሆነ እንጃ።) በ1880ዎቹ የአገሩን በሬ ጠራርጎ ክፉ ቀንን ያመጣብን እሱ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በክትባት ተሸነፈ። ታዲያ መጥፋቱ በምን ይታወቃል? የተከተበ በሬና ታሞ የዳነ በሬ ደማቸው ውስጥ ያው አንቲቦዲ፣ ማለትም ሰውነት በሽታን ለመከላከል የሚሠራው ፕሮቲን፣ ነው ያለው። ስለዚህ መጀመሪያ ክትባቱን ማቆም ግድ ነበር፤ ያስፈራል፣ ግን ሌላ መንገድ አልነበረም። ከዚያ ለዓመታት ከየክልሉ ሴረም (የደም ፈሳሽ ክፍል) እየተሰበሰበ ተመረመረ። ኢትዮጵያ ነፃ መሆኗ የታወቀላት እ.ኤ.አ. በ2008 ነው፤ ዓለም በሙሉ ደግሞ በ2011። አንዲት "የለም" ለማለት ይህን ያህል ተለፍቷል። እኔ በአንድ ከሰዓት ጻፍኳት።

ሌላም አለ። ማሽን የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ ነው። ወተት ለባክቴሪያ መርምራችሁ ንጹሕ ነው ብትሉ፣ አፍላቶክሲን የሚባል የሻጋታ መርዝ ግን ሊኖርበት ይችላል። ላሟ የሻገተ ፋጉሎ ትበላለች፤ መርዙ በአንድ ቀን ውስጥ ወተቷ ላይ ይታያል፤ ማፍላትም አያጠፋውም። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ከአዲስ አበባ ዙሪያ 110 የወተት ናሙና አይቶ ነበር። ከአውሮፓ ወሰን፣ ማለትም በሊትር ከ0.05 ማይክሮግራም፣ ያላለፉት 9 ብቻ ነበሩ። ዋናው ጥርጣሬ የኑግ ፋጉሎ ላይ ወደቀ። ከዚያ በፊት ያንን ወተት ስንጠጣ የኖርነው ማንም ስላልጠየቀው ነው።

ስለዚህ ከቱቦው በፊት ቅጹን አንብቡ። "በሬ ሞተ" ብቻ የሚል ቅጽ ምንም አይነግራችሁም። "በድንገት ሞተ፣ ከአፍንጫው ያልረጋ ደም ወጣ" የሚል ከሆነ ግን አባሰንጋ መሆኑን መጠርጠር አለባችሁ፤ ጓንት ሳታደርጉ እንዳትነኩት። ሬሳው ካልተከፈተም ማንም እንዳይከፍተው ቶሎ ደውሉ። ባክቴሪያው አየር ካገኘ ስፖር፣ ማለትም በቀላሉ የማይሞት ዘር፣ ይሠራል፤ ስፖሩ አፈር ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ይቆያል። ቅጹን ባዶ የሚልክ ሐኪም ላይ አትቆጡ። ምናልባት ለአምስት ቀበሌ አንድ ራሱን ነው። ደውላችሁ ጠይቁትና ራሳችሁ ሙሉት።

ባለፈው ወር አንድ ልጅ ማታ ደወለልኝ። ሳጥኑ ሞቆ ደርሷል፣ አለቃው ደግሞ "ዝም ብለህ ሥራው" ብሎታል። "ጋሼ፣ ምን ልጻፍ?" አለኝ።

"የሳጥኑን ሙቀት ጻፍ፤ 'ለምርመራ አይበቃም' በል። ከዚያ ወረዳው ጋ ደውልና አዲስ በረዶ ላክላቸው" አልኩት።

ሐሙስ ዕለት መልእክት ላከልኝ። ሁለተኛው ሳጥን 4 ዲግሪ ላይ ደርሷል።