የሙያ ፈቃዴን ላከራይ ወይስ ቅጥር ልጠብቅ?

ጥያቄ

የተከበሩ የዚህ ዓምድ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ።

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። በፋርማሲ ለመጀመሪያ ዲግሪ አምስት ዓመት ተምሬ ተመርቄአለሁ፤ የመውጫ ፈተናውንም የብቃት ምዘናውንም አልፌ የሙያ ፈቃዴን በእጄ ይዣለሁ። ከዚያ ወዲህ ግን ቅጥር በመጠበቅ ላይ ነኝ። ማስታወቂያ ሲወጣ ለአንድ መደብ የሚመዘገበው ሰው ብዛት ተስፋ ያስቆርጣል። የጠየቅኋቸው ጤና ጣቢያዎችም ባለሙያ እንደሚያንሳቸው አይክዱም፤ መልሳቸው ግን «መደቡ አለ፣ በጀት የለም» የሚል ነው።

በቅርቡ የአባቴ ወዳጅ የሆኑ ነጋዴ ሸዋ ሮቢት ላይ መድኃኒት ቤት ሊከፍቱ ተነሥተው አነጋገሩኝ። የሚፈልጉት ፈቃዴን ብቻ ነው። «አንቺ እዚሁ እናትሽ ዘንድ ተቀመጪ፤ ወረቀትሽ ግድግዳው ላይ ይሰቀላል፣ ገንዘቡ በየወሩ ይገባልሻል፣ ተቆጣጣሪ የሚመጣ ከሆነ ደውለን እንጠራሻለን» አሉኝ። መድኃኒቱን የምትሸጠው የእህታቸው ልጅ ናት፤ በሙያው አልሠለጠነችም። እናቴ «ቤት ከመዋል ይሻላል፤ ስንቱ ያደርገው የለም ወይ?» ትለኛለች። አባቴ ዝም ብሏል፤ ወዳጁን እንዳላሳፍርበት መፍራቱ ግን ይገባኛል።

በዚህ ላይ ታናሽ እህቴ 12ኛ ክፍል ደርሳ በጤናው ዘርፍ ለመማር ታስባለች። እኔ ቤት ተቀምጬ እሷን እንዴት በርቺ ልበላት? ምክርዎን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ፋርማሲስቷ፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ

ውድ እህቴ፣

ፈቃድሽን አታከራዪ። ሸዋ ሮቢት ግን ሂጂ።

የአባትሽ ወዳጅ ካቀረቡልሽ ሐሳብ ውስጥ መልካም የሆነው ክፍል መድኃኒት ቤት የመክፈታቸው ጉዳይ ነው፤ ባለሙያ የሚያስፈልገው አንድ የሥራ ቦታ እየተፈጠረ ነውና። መጥፎው ክፍል አንቺ በሌለሽበት በስምሽ ይሠራ መባሉ ነው። እነዚህን ሁለቱን ነጣጥለሽ መልካሙን እንድትይዥ እንጂ ጠቅላላውን ትተሽ ወደ መጠበቁ እንድትመለሽ አልመክርሽም።

የመድኃኒት ቤት ፈቃድ የሚሰጠው ኃላፊው ባለሙያ በሥራ ሰዓት ከቦታው ይገኛል፣ የሚገባውንና የሚወጣውን መድኃኒት ያውቃል ተብሎ ነው። ሐሰተኛ መድኃኒት ቢገኝ፣ መጠቀሚያ ጊዜው ያለፈበት ቢሸጥ፣ ልዩ ቁጥጥር የሚደረግባቸው መድኃኒቶች ከመዝገቡ ጋር ባይመሳከሩ በቅድሚያ የምትጠየቂው ስምሽ ግድግዳው ላይ ያለው አንቺ ነሽ። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011ን ፈልገሽ አንብቢው፤ ለእናትሽም አንብቢላቸው። ተቆጣጣሪ ቀጠሮ ሰጥቶ አይመጣም፤ ቢደወልልሽ እንኳ ከደብረ ብርሃን ተነሥተሽ ጣርማ በርን አልፈሽ፣ በደብረ ሲና ቁልቁል ወርደሽ ሮቢት እስክትደርሺ ድረስ ቆሞ የሚጠብቅሽ የለም።

ከቅጣቱ በላይ ግን የሚያሳስበኝ ሕመምተኛው ነው። ሸዋ ሮቢት ቆላ ናት፤ ወባ የሰዉ የዘወትር ችግር ነው። አንዲት እናት ትኩሳት የያዘውን ልጇን አስመርምራ፣ ኮአርተም የተባለውን የወባ መድኃኒት ማዘዣ ይዛ ወደ መስኮቱ መጣች እንበል። የመድኃኒቱ ሁለተኛ መጠን ከመጀመሪያው 8 ሰዓት በኋላ፣ ከዚያም ጠዋትና ማታ እየተሰጠ በሦስት ቀን ስድስት ጊዜ መወሰድ እንዳለበት፣ ከምግብ ጋር ቢሆን፣ በተለይም ቅባት ወይም ወተት ቢኖርበት፣ ሰውነት በደንብ እንደሚቀበለው፣ ልጁ ወዲያው ካስመለሰው መጠኑ እንደሚደገም የሚነግራት ሰው ያስፈልጋል። ወባው ቫይቫክስ የሚባለው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ጉበት ውስጥ ተደብቆ የሚቀረውን ተሕዋስ ለማጥፋት ፕሪማኪን የተባለ መድኃኒት ለ14 ቀን ይታዘዛል። ሕመምተኛው ግን በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ስለሚሻለው ትቶት ሥራው ላይ ይሰማራል፤ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ እንደገና ያተኩሰዋል። ነፍሰ ጡር ሴት ፕሪማኪን አይሰጣትም፤ ስለዚህ እርግዝና እንዳለ መጠየቅ ግድ ነው። የነጋዴው የእህት ልጅ ጨዋና ትጉህ ልትሆን ትችላለች፤ ይህን ለመጠየቅ ግን አልተማረችም። አንቺ አምስት ዓመት የተማርሽው ይህንኑ ነው።

ኢንሱሊኑንም አስቢው። ሳይከፈት የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ማቀዝቀዣ ውስጥ ሲሆን፣ በረዶ ከሆነ ተመልሶ ቢቀልጥም ጥቅም ላይ አይውልም። በሮቢት ሙቀት መብራት ሲጠፋ ቴርሞሜትሩን አይቶ የሚመዘግብ፣ የተጠራጠረውንም የሚያስወግድ ሰው ከሌለ፣ የስኳር ሕመምተኛው የተበላሸውን ከደኅናው ለይቶ የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

አንቺም ራስሽ የምታጪው ነገር አለ። ስምሽ በአንድ መድኃኒት ቤት ኃላፊነት ተመዝግቦ ሳለ ሌላ ቦታ በኃላፊነት መመዝገብ አትችይም፤ ለመልቀቅም መልቀቂያ ያስፈልግሻል። ያ ስትጠብቂው የኖርሽው ቅጥር በመጣ ቀን ወረቀትሽ በሌላ ሰው እጅ ይሆናል ማለት ነው። የሥራ ልምድ ሲጠይቁሽም ያልሠራሽውን ሠራሁ ብለሽ መጻፍ ይኖርብሻል፤ ጠያቂው ሙያውን የሚያውቅ ከሆነ ደግሞ በሁለት ጥያቄ ይለይሻል።

እንግዲህ አባትሽን ይዘሽ ወደ ነጋዴው ሂጂና እንዲህ በያቸው፦ «ጋሼ፣ አደራዎን ተቀብያለሁ፤ ግን በአካል ተገኝቼ ልሥራልዎ።» በአባትሽ ፊት የሚነገር እንዲህ ያለ ቃል ማንንም አያሳፍርም። ስምምነቱ ግን በጽሑፍ ይሁን። ደመወዝሽና የቤት ኪራይ ድጋፍ ይጠቀስበት፤ ከትርፉ ድርሻ እንዲሰጡሽም ለመጠየቅ አትፈሪ፣ ያለ ፋርማሲስት ፋርማሲ ሊከፍቱ አይችሉምና። ግዢው ፈቃድ ካላቸው አስመጪዎችና አከፋፋዮች በደረሰኝ ብቻ እንዲፈጸም፣ የልዩ ቁጥጥር መድኃኒቶች ቁልፍ በአንቺ እጅ እንዲሆን፣ በማዘዣ የሚሸጠው ያለ ማዘዣ እንዳይወጣ አስጽፊ። የእህታቸው ልጅ ገንዘብ ተቀባይ ሆና ትሥራ። የመንገዱንና የአካባቢውን ጸጥታ ከቤተሰብ ጋር መክረሽ መወሰን ያንቺ ድርሻ ነው። ይህን ሁሉ ሰምተው «እኔ የምፈልገው ወረቀቱን ነው» ካሉሽ፣ አመስግነሽ ተነሺ።

ነገሩ ባይሳካ እንኳ ጤና ጣቢያ ብቸኛው በር አይደለም። በዚያው በሰሜን ሸዋ፣ በሐገረ ማርያም ከሰም ወረዳ፣ የሂዩማንዌል መድኃኒት ፋብሪካ አለ። ፋብሪካ በምርት፣ በጥራት ቁጥጥርና በጥራት ማረጋገጫ ክፍሎቹ ፋርማሲስት ይፈልጋል፤ የመድኃኒት ትንተና ትምህርትሽን ከወደድሽው ማመልከቻሽን ራስሽ ወስደሽ አስገቢ። የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት በቅርንጫፎቹ የክምችትና የሥርጭት ባለሙያ ይቀጥራል፤ ለዚህ ሥራ ከፋርማሲው ዕውቀት ባላነሰ የኮምፒዩተርና የሒሳብ ችሎታ ይጠቅምሻል። አስመጪ ድርጅቶች ሐኪም ቤት ለሐኪም ቤት እየዞሩ መድኃኒት የሚያስተዋውቁ ባለሙያዎችን ይይዛሉ፤ ገቢው ደኅና ሊሆን ቢችልም በሽያጭ መጠን መለካቱን የማይወድ ሰው አይሰነብትበትም። በወረዳና በዞን ጤና መዋቅር ውስጥ የቁጥጥር ሥራም አለ፤ እንደ እኔ አስተያየት ግን መድኃኒት ቤት ውስጥ ያልሠራ ተቆጣጣሪ የሚያየው መደርደሪያውን ብቻ ነው፣ ስለዚህ ያ ቢዘገይ አይጎዳሽም። ሥራ በመጥፋቱ ብቻ ወደ ሁለተኛ ዲግሪ መግባትን ደግሞ አልደግፍም። ክሊኒካል ፋርማሲ (ከሐኪሙ ጎን ሆኖ የሕመምተኛውን መድኃኒት የመከታተል ሙያ) የሚያምረው ሕመምተኛን አይቶ ጥያቄ ይዞ ለገባ ሰው ነውና፣ መጀመሪያ ሥሪ።

ስለ እህትሽ፣ ጤናን አትማሪ ብለሽ አትከልክያት፤ ነገር ግን «ጤና» በሚል ጥቅል ስም እንድትገባም አትፍቀጂላት። ላቦራቶሪ፣ አዋላጅነት፣ ሰመመን ሰጪነት፣ ራዲዮግራፊ፣ የሕክምና መሣሪያ ጥገና፣ እያንዳንዱ የተለየ ዝንባሌና የተለየ የሥራ ገበያ አለው። ምርጫዋን ከመሙላቷ በፊት ደብረ ብርሃን ሆስፒታል የሚሠሩ የምታውቂያቸውን ልጆች ለምነሽ አገናኛት፤ የሥራ ቀናቸው እንዴት እንደሚውል፣ ተመርቀው እስኪቀጠሩ ምን ያህል እንደቆዩ፣ በግል ተቋም ተፈላጊ መሆን አለመሆናቸውን ራሷ ትጠይቃቸው። አንቺም ቅጥር ስትጠብቂ መቆየትሽን አትሸሽጊያት፤ ከነጋዴው ጋር የምትደርሺበትን ስምምነትም አሳያት።